ልግም፣ ኩርፊያና "እሺ"፦ ሳይጮሁ እምቢ ስለማለት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራ ቦታ ላይ አፍ አውጥቶ "አልሠራም" የሚል ሰው ጥቂት ነው። የቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ፣ በር ላይ ደግሞ ያንን ቦታ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። ስለዚህ እምቢታው በሌላ በኩል ይወጣል፤ በእግር፣ በእጅ፣ በፊት፣ አንዳንዴም በሳቅ። ስለዚህ ነገር ባወራሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ልግም ስንፍና አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሰነፍ ሰው ለራሱም አይሠራም። ልግመኛውን ግን እሑድ ጠዋት የራሱን አጥር ሲያጥር እየው፤ ሰኞ ሲሚንቶ ሲሸከም እግሩን የሚጎትተው ሰውዬ ነው ብትባል አታምንም። አማርኛችን "ሰነፈ" እና "ለገመ" ብሎ ሁለት ቃል ያበጀው ያለ ነገር አይደለም። ስንፍና ብቻውን ይኖራል። ልግም ሲባል ግን ሁልጊዜ የሚለገምበት ሰው አለ።

ወጣት ሳለሁ ሕንጻ ሥራ ላይ በቀን ሠርቻለሁ። ባሬላ የምንሸከመው ሁለት ሁለት ሆነን ነበር። ፎርማኑ ሲያይ ሙሉ፣ ዞር ሲል ግማሽ። ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የገረመኝ ሌላ ቀን ነው። ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን መጣና ፎርማኑ "ይሄን ወለል ከጨረሳችሁ ሙሉ ሒሳባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት" አለን። እነዚያው ሰዎች፣ ትናንት ከአሸዋው ክምር እስከ ማደባለቂያው ለመድረስ ዕድሜ ይፈጅባቸው የነበሩት፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጨርሰው እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። ጉልበቱ ከየት መጣ? ከየትም አልመጣም፣ ድሮም ነበረ። በቀን ሲከፈለን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲደርስ ቆጥበን እንጠቀምበታለን፣ ያ ቀን ግን ራሳችን ሸጥነው።

ሌላ ምን ምን ይገባበታል?

ብዙ ነገር። ሽንት ቤት ገብቶ መቆየት። የተሰበረውን ማሽን ማንም ሳይጠይቅ አለመናገር። የሚያውቁትን አቋራጭ ለአዲሱ አለቃ አለማሳየት። ሰዓት ሲሞላ መዶሻውን አየር ላይ እንዳለ ማቆም። ለጓደኛ ፈርሞ መግባት፣ አለቃው የቀለደውን ቀልድ አለመሳቅ። የመጨረሻውን ትንሽ ነገር እንዳትለው፣ አሥራ ሁለት ሰው ፊቱን ዘግቶ ሲያይህ በራስህ ቀልድ ስቀህ መጨረስ ከባድ ነው።

ኩርፊያንም እጨምራለሁ። የእኛ አገር ሰው ኩርፊያን ያውቅበታል። ሥራው ይሠራል፣ ሰላምታው ግን ይቀራል። "እንዴት አደርክ ጋሼ" የነበረው "ደህና" ብቻ ይሆናል። አለቃው ምን እንደጎደለበት ማስረዳት አይችልም፤ ምክንያቱም ደንብ ውስጥ ሰላምታ የሚል አንቀጽ የለም።

"እሺ" እንዴት እምቢታ ይሆናል?

አገራችን አድገህ ይሄን ትጠይቀኛለህ? "እሺ" ብዙ ዓይነት ነው። ፈጠን ያለ "እሺ" አለ፣ እሱ እሺ ነው። ረዘም ያለ "እሺ..." አለ፣ እሱ እናያለን ነው። "እሺ ነገ" ደግሞ በጭራሽ ማለት ነው። የውጭ አገር ሥራ አስኪያጆች መጀመሪያ አካባቢ የሚያብዱት እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም እሺ ብሎ ምንም አልተሠራም። ግን የቸገረው ሰው "አልችልም" ሲል እንቢተኛ ይባላል፣ እሺ ብሎ ሲረሳ ግን ዝንጉ ብቻ ነው። በዝንጉነት የሚባረር ሰው ብዙ አይደለም።

"ትልቅ ጌታ ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ድምፅ ሳያሰማም ይፈሳል" የሚለው የእኛ ተረት ነው?

ይሄ ዓለም ዙሪያ "የኢትዮጵያ ተረት" እየተባለ የሚዞረው አሜሪካዊው የፖለቲካ ምሁር ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ስላስቀመጠው ነው። ሰውየው ማሌዥያ ገጠር ተቀምጦ የድሆችን ዝምታ ያጠና ነው፤ ለነገሩ ስም ሰጠው ማለት ይቻላል። እኔ ተረቱን በአማርኛ ከአንድም ሽማግሌ አፍ ሰምቼው አላውቅም። ግን ነገሩን አውቀዋለሁ። ሰም እና ወርቅ ባለበት አገር፣ ከላይ ምስጋና ከታች ስድብ የሆነ ግጥም ጌታው ፊት ቆሞ መዝፈን በሚቻልበት አገር፣ ጎንበስ ማለት ሁሉ አክብሮት ነው ብሎ የሚያምን ጌታ ራሱ ሞኝ ነው።

ይሄ ቅኔ ዛሬም ሥራ ቦታ አለ?

አለ እንጂ! አንዲት የማውቃት ልጅ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። የፋብሪካውን ስም እንተወው። የእነሱ ሱፐርቫይዘር በየሰዓቱ መጥቶ የተሰፋውን ቁጥር ይመዘግባል። ስሙን "ቆጣሪ" አሉት። ከዚያ ወሬው ሁሉ ስለ መብራት ሆነ። "ቆጣሪው ዛሬ ጋለ" ሲባል ተቆጥቷል ማለት ነው። "ቆጣሪው ይበላል" ሲባል ከሰዓታችን ላይ ቆርጧል። "መብራት ጠፋ" ከተባለ ሰውዬው ወጥቷል፣ ማውራት ይቻላል። እሱ አጠገባቸው ቆሞ ስለ መብራት ኃይል የሚያማርሩ ይመስለዋል፤ አንድ ቀን እንዲያውም "እኛም ሰፈር እንዲሁ ነው" ብሎ አብሯቸው አማረረ አሉ። ያን ቀን ሳቃቸውን ለመደበቅ ሦስት ልጆች ከጠረጴዛ ሥር መቀስ ፈለጉ።

ምን ለወጠ? ደመወዝ አልጨመረም። ግን ስምንት ሰዓት ሙሉ ቁጥር ሆኖ የሚውል ሰው፣ የሚቆጥረውን ሰው ራሱን ዕቃ ሲያደርገው ቀኑ ትንሽ ያጥራል። እኔ ይሄን አልንቀውም።

ፋብሪካ ውስጥ "ታርጌት መያዝ" የሚሉት ምንድን ነው?

ከሁሉም የበለጠ ዘዴ የሚጠይቀው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። ላይን በሚባለው ረድፍ ላይ እያንዳንዷ ልጅ የልብሱን አንድ ክፍል ትሰፋለች፤ አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ እጅጌ። በሰዓት ይህን ያህል ይሰፋል ተብሎ ታርጌት ይወጣል። አዲስ የገባች ልጅ፣ ጎበዝና ደስ የሚላት፣ ከታርጌቱ በላይ ትሰፋለች። ትመሰገናለች። በሚቀጥለው ሳምንት የእሷ ቁጥር የሁሉም ታርጌት ይሆናል፤ ደመወዙ ግን ያው ነው።

እንግዲህ የቆዩት ልጆች ምን ያደርጋሉ? አይቆጧትም። ምሳ ላይ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ያቺ የማውቃት ልጅ እንደነገረችኝ፣ እሷን ያስተማረቻት አንዲት የወላይታ ልጅ እንጀራዋን እያጎረሰቻት "እህቴ፣ ፍጥነትሽን ለሠርግሽ ቀን አስቀምጪው" አለቻት። አበቃ። ከዚያ በኋላ ረድፉ ሁሉ ከታርጌቱ አንድ ሁለት ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ እያለ ይሄዳል። የፈጠነች ቀን ትርፉን ሥር ታስቀምጥና ለታመመችው ጓደኛዋ ታሻግረዋለች፤ ወር ላይ የሆነች ልጅ፣ ሌሊት ልጅ ሲያለቅስባት ያደረች ልጅ፣ በዚያ ትርፍ ቀኗን ትሞላለች። ወረቀቱ ላይ ሁሉም እኩል ሠርተዋል። እኔ ይሄን ስሰማ ዕቁብ ነው ያልኩት። ገንዘቡ በእጅጌ ተተካ እንጂ ሥርዓቱ ያው ዕቁብ ነው፤ ዛሬ ላንቺ፣ ነገ ለእኔ።

ሽንት ቤት መሄጃ ደግሞ ለአንድ ረድፍ አንድ ካርድ ነበር። ካርዱን የያዘች ብቻ ትነሳለች። ልጆቹ ካርዱን "ቪዛ" ይሉታል። ቪዛው የሚያድረው ነፍሰ ጡር የሆነችዋ ጋ ነው፤ ማንም አላዘዘም፣ ማንም ስብሰባ አልጠራም።

ሥራ ጥሎ መውጣትስ ተቃውሞ ነው?

ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲከፈት ለብዙ ሺህ ወጣቶች ሥራ ተባለ፣ እውነትም ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር ብዙ ልጆች መጡ። በ2011 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ። ከዓለም የልብስ ስፌት ሠራተኞች ዝቅተኛው ነው አሉ። እዚያው ጥናት ላይ ያለው ሌላው ቁጥር ነው እኔን ያስደነቀኝ፦ ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይቀይሩ ነበር።

አስበው። ማኅበር የለም፣ መፈክር የለም፣ አንድ ወረቀት አልተበተነም። አንዷ ደመወዝ ተቀብላ ሻንጣዋን ይዛ ወላይታ ሶዶ ትመለሳለች፣ ሌላዋ ቡና ልታፈላ መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ባለሀብቱ "የሥራ ባህል የላቸውም" ብሎ ያማርራል። እኔ ደግሞ የሒሳብ ባህል አላቸው እላለሁ። ለአራት ተጋርተው የሚኖሩበትን የአንዲት ክፍል ኪራይ፣ ሽሮውንና ሳሙናውን ደምረው፣ ቀንሰው፣ መልሱን በእግራቸው ሰጡ። የሥልጠና ወጪ አውጥቶ ያስተማራትን ልጅ በስድስት ወር የሚያጣ ፋብሪካ ኪሳራውን ያውቀዋል፤ ማን ጋ ሄዶ እንደሚደራደር ግን አያውቅም፣ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ ሰው የለማ።

ድሮስ? ወይስ ይሄ የከተማ ብልጠት ነው?

ከተማ ገና ሳይኖር የነበረ ነው። ጭሰኛው ምርቱን ሲሶ ወይም እኩል ለባለመሬቱ ያስረክብ በነበረ ጊዜ፣ አውድማ ላይ ግማሹ ብልሃት ነበር። እሸት ሲደርስ ቀድሞ መብላት አለ፣ ነዶውን ሳይቆጠር ማሸሽ አለ። በደርግ ጊዜ ደግሞ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጣለ፤ ገበሬው እህሉን መንግሥት በወሰነው ዋጋ ያስረክባል። ያልሞላለት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ የገባ ሰው እህሉን የሚደብቅበት ጉድጓድ ባይቆፍር ነበር የሚገርመው። ኮታው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቀረ።

ጣሊያን በነበረ ጊዜ ደግሞ "የውስጥ አርበኛ" የሚባሉ ነበሩ። ቀን ጣሊያን ቢሮና ቤት ውስጥ ይሠራሉ፣ ማታ ወሬውን፣ ጥይቱንና መድኃኒቱን ለጫካው አርበኛ ያሾልካሉ። ይሄ ከልግም እጅግ የከበደ ነው፣ ዋጋውም አንገት ነው፤ ግን ጥበቡ አንድ ነው፦ ታዛዥ መስሎ መታየት።

ዝምታው የሚያበቃበት ቀንም ይመጣል። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች ስለ ምግባቸውና ውሃቸው ሰሚ ሲያጡ፣ ሊያናግራቸው የተላከውን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትንም አጠጡት። በየካቲት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ነዳጅ ተወደደ ብለው አቆሙ፣ መምህራን አቆሙ፣ ብዙም ሳይቆይ የሠራተኞች ማኅበሩ ጠቅላላ አድማ ጠራ። ስለ አብዮቱ የሚያወሩ መጻሕፍት የሚጀምሩት ከዚህ ነው። እኔ ግን ያ ወታደር ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ሳህኑን ሳይጨርስ እንደመለሰ ነው የማስበው።

ሕጉ ልግምን ምን ይለዋል?

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው "ሥራ አላቆምኩም፣ ቀስ አልኩ እንጂ" ብሎ ያስባል። ሕጋችን ግን ሠራተኞች ተስማምተው አሠሪውን ለማስገደድ መደበኛ ምርታቸውን ቢቀንሱ እሱንም የሥራ ማቆም አድማ ይለዋል። አድማ ደግሞ ሥርዓት አለው፤ ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኘበት ስብሰባ በአብላጫ መወሰን አለበት፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ እንደ ሆስፒታል፣ ውሃና መብራት ባሉ ቦታዎች ጭራሽ አይፈቀድም። ከዚህ ውጭ የሆነ ሕጋዊ ከለላ የለውም። ማርፈድም ቢሆን ይቆጠራል፦ በጽሑፍ እየተነገረህ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ካረፈድክ ያለ ማስጠንቀቂያ ያሰናብቱሃል።

በሌላ በኩል ልግም የሚመስሉ ግን መብት የሆኑ ነገሮች አሉ። በ2011 በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ሲሞላ ዕቃህን አስቀምጠህ ትወጣለህ። ትርፍ ሰዓት እንደ አደጋ ወይም አስቸኳይ ሥራ ካሉ ምክንያቶች ውጭ በግድ አይደለም፤ ቢሆንም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው በቀን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል ነው። ይሄን በቃልህ ያዘው። ፎርማን ፊት "ሁለት ተኩል" ብለህ ቁጥር ስትጠራ ፊቱ የሚቀየረው ልግም ስላየ አይደለም።

የቤት ሠራተኞችን ግን ይህ አዋጅ አያቅፍም፤ ለብቻቸው ደንብ ይወጣል ብሎ አልፏቸዋል። ስለዚህ በየቤቱ ያለችው ልጅ የቀራት ምጣዱን ቀስ ብሎ ማሰስ ነው።

አረብ አገር ያሉ እህቶቻችንስ?

እዚያ ነገሩ ይጠብቃል። ከፋላ በሚሉት የስፖንሰር አሠራር የልጅቷ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው፤ ከቤቱ ከወጣች ሕገወጥ ትሆናለች። ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ አሠሪዋ ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው። በሩ ይቆለፋል። ታዲያ ትንንሹ ነገር ሁሉ ትልቅ ይሆናል። ሁለተኛ ስልክ መደበቅ። ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ከጎረቤት ቤት ካለችው ሐበሻ ጋር ሁለት ደቂቃ ማውራት። በረንዳ ላይ ምንጣፍ እያራገፉ በአማርኛ መነጋገር፤ ማዳም ዘፈን ይመስላታል። ሽንት ቤት ውስጥ ቧንቧውን ከፍቶ የድምፅ መልእክት ወደ ቤት መላክ። የአክስቴ ልጅ ቤይሩት እያለች የላከችውን መልእክት ሁሉ የምንሰማው ከውሃ ድምፅ ጋር ነበር። ተመልሳ ከመጣች በኋላ እንኳ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፣ ሳሎን ተቀምጣ።

የመጨረሻው "መጥፋት" ነው። "ጠፋች" ይባላል፣ እንደ ዕቃ። እሷ ግን ሰፈር ውስጥ አራት ሆነው በተከራዩት ክፍል ቁጭ ብላ ቡና እያፈላች ነው፤ የጠፋባት ነገር የለም።

መስረቅስ? እሱም ተቃውሞ ነው?

ይሄን ጥያቄ አልወደውም፣ ግን ሁሌም ይመጣል። ደመወዙን የበሉበት ቀን ሠራተኛ ሁለት ጆንያ ሲሚንቶ ይዞ ሲወጣ "ሒሳቤን ነው" ይላል፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው። ግን ነገሩ ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ጆንያው ሲጎድል መጀመሪያ የሚያዘው ዘበኛው ነው፣ እሱም እንደ አንተው ደሃ ነው። ሁለተኛ፣ ከተያዝክ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጆንያው ይሆናል፤ ያልተከፈለህን ሦስት ወር ማንም አያነሳውም። በዚያ ላይ ሌብነት ከላይ ሲጀምር "ሲሾም ያልበላ" እየተባለ ተረት ይሆናል፣ ከታች ሲሆን እስር ቤት ነው። ፍትሐዊ አይደለም፣ ግን እንደዚያ ነው።

ልግም ማንን ይጎዳል?

አንዳንዴ የማይመለከተውን። መስኮት ላይ ያለችው ጸሐፊ አለቃዋን አኩርፋ "ነገ ተመለሱ" ስትል፣ የሚመለሰው ከገጠር በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ነው እንጂ አለቃው አይደለም። ባሬላውን አንተ ስትለቅ ክብደቱ ከኋላ ያለው ጓደኛህ ላይ ይወድቃል። እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ። ጓደኛዬ ምንም አላለኝም፤ በሚቀጥለው ዙር ግን የኋላውን ለእኔ ሰጠኝ። ተማርኩ።

ታዲያ አንድ ነገር ብቻ ላድርግ ብል የቱ ይሻለኛል?

ደመወዝህን ለጎንህ ላለው ንገረው። ይሄ ነው። አገራችን ሰው ስለ ጋብቻውና ስለ በሽታው ያወራል፣ ደመወዙን ግን ይደብቃል፣ አሠሪ ደግሞ በዚህ ይኖራል። ያቺ የልብስ ስፌት ልጅ አንድ ቀን ምሳ ላይ የደመወዝ ወረቀቷን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው፣ ቀጥላ ሌላዋ ዘረጋች። እኩል የገቡ ሁለት ልጆች መካከል የ180 ብር ልዩነት ተገኘ። ማንም አልጮኸም። ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ልጆች ተራ በተራ፣ በትሕትና፣ የሒሳብ ክፍሉን በር እያንኳኩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ። በነገራችን ላይ ከአሥር በላይ ሠራተኛ ባለበት ቦታ ማኅበር ለመመሥረት የሚያስፈልገው አሥር ሰው ነው። እነሱ ያን ቀን አሥራ አንድ ነበሩ፤ አላወቁትም።

አለቃዬ ይሄን ቢያነበውስ?

ያንብበው። የሚቆጥረው ነገር ካጣ ግን ሽንት ቤት ለመሄድ ስንት ካርድ እንዳለ ሄዶ ይቁጠር።